ከግሉኮሱ በፊት

ጥቅምት 9 ቀን

እማዬ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ከምሳ በኋላ ደረሰኝ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ቆመሽ መዋሉን ቀንሺ ብዬሽ ነበር። እንደማትሰሚኝ ባውቅም መናገሬን አልተውም።

ጥያቄሽን በጣም ወደድኩት። “ሃያ ስድስት ዓመት መርፌ ስወጋ፣ ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም” ያልሽው ሆዴን በላኝ። በስልክ የምትነግሪኝ ቶሎ ይጠፋብኛል ስላልሽ ይኸው በወረቀት ይሁን። አስቀምጪውና ደጋግመሽ አንብቢው።

የስኳር በሽተኛ ራሱን ስቶ ሲመጣ ትንፋሹ የበሰለ ፍሬ የሚሸተው ለምንድነው አልሽኝ። ደሙ ውስጥ ስኳር ሞልቷል፤ ግን ስኳሩን ወደ ሴሉ የሚያስገባው ኢንሱሊን የለም። ስለዚህ ሴሉ ምግብ ደጁ ላይ ተከምሮ እሱ ይራባል። ሲርበው ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ጉበት ስቡን በጥድፊያ ሲቆራርጥ ኬቶን የሚባል ነገር ይወጣና ደሙን ያኮመጥጠዋል። ከኬቶኖቹ አንዱ አሴቶን ነው፣ የጥፍር ቀለም የምናስለቅቅበት። አንቺ የሸተተሽ እሱ ነው። ያለ መሣሪያ፣ በአፍንጫሽ ብቻ፣ ኬሚስትሪ ስትሠሪ ኖረሻል ማለት ነው።

እኛ ክፍል ሁለት መቶ አርባ ተማሪ አለ። የባዮኬሚስትሪ አስተማሪያችን አጭር ሴት ናቸው፤ የሰሌዳው ጫፍ ስለማይደርሱ ሁሉንም ነገር ከመሃል ነው የሚጀምሩት። “ስለ አንድ ኢንዛይም ስትማሩ አንድ በሽተኛ ካልታያችሁ አልተማራችሁም” ይሉናል። አብራኝ የምትኖረው ልጅ የኢንዛይሞቹን ስም ክፍላችን ውስጥ እየተንጎራደደች፣ እንደ ተጣላ ሰው እየጮኸች ነው የምትሸመድደው። ጎረቤቶቻችን ሁለት ጊዜ ሊገላግሉን መጥተዋል።

ሌላውን ጥያቄሽንም ልመልስ፤ ዘልዬው ካለፍኩ በሚቀጥለው ትደግሚዋለሽና። አልመጣም። በእረፍቱም አልመጣም። የአባቴን ሰላምታም አትላኪልኝ። የት እንዳለሁ እንኳ የማያውቅ ሰው ሰላምታ ምን ያደርግልኛል? ጭንቅላቱን በገዛ እጁ ጠርሙስ ውስጥ ጨርሶታል። አንቺ ታስታምሚዋለሽ፣ እሱም ይብዛበት። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ግን የሚሰማኝ ይሄ ነው።

ልጅሽ


ጥቅምት 26 ቀን

ልጄ፣

ተቀይማኛለች ብለሽ አትጨነቂ። ዝም ያልኩት ክትባት ላይ ስለነበርን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

የጻፍሽልኝን ለጤና መኮንኑ አነበብኩለት። “እኔም ተምሬው ነበር፤ ፈተናውን ያለፍኩ ቀን ነው የረሳሁት” ብሎ ሳቀ። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ስተው መጡ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኳቸውና፣ ምርመራው ሳይደርስ፣ ጮክ ብዬ “ስኳር ነው፤ ሴሉ ተርቧል” አልኩ። ጤና መኮንኑ አፉን ከፍቶ አየኝ። ሽማግሌው ድነው ወጡ። ያን ቀን ቁመቴ ላይ ስንዝር የተጨመረልኝ መሰለኝ ብልሽ አትሳቂብኝ።

አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ ጉልበቴ አልተሻለውም። የላክሽልኝን ጫማ አድርጌዋለሁ፤ ልክ ነው።

አባትሽ እንደነበረ ነው። ብሩሽ ስሰጠው አሁንም ይጽፋል። የታፔላ ጻፊ እጅ ሙያውን አይረሳም መሰለኝ። ምን ብለው እንዳዘዙት፣ ለየትኛው ሱቅ እንደሆነ ጠፍቶበታል፤ ፊደሉ ግን ቀጥ ብሎ፣ አምሮ ነው የሚወርደው። የሱን ሰላምታ አትላኪልኝ ብለሽኝ ነበር። ብዕሬ ነው የሄደብኝ።

የዛሬው ጥያቄዬ ቀላል ነው። እግሬን አቃጠለኝ፣ ደነዘዘኝ ለሚሉን ሰዎች ቢ ዋን እንወጋለን። መድኃኒት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ብዙ አለን። ግን ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ምንድነው? ጤና መኮንኑን ብጠይቀው “ቪታሚን ነው፣ ያጠነክራል” አለኝ። ይሄንን ለበሽተኛ የምለው እኔ ነኝ፤ ለኔ አይበቃኝም።

እናትሽ


ኅዳር 8 ቀን

እማዬ፣

የዛሬው ረጅም ነው፤ ተቀምጠሽ አንብቢ። እንደ ዕድል ሆኖ ደብዳቤሽ በደረሰበት ሳምንት አስተማሪያችን ያስተማሩን ይህንኑ ነው።

የበላነው ስኳር ሰውነት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እየተሰበረ ፓይሩቬት የሚባል ነገር ይሆናል። እዚያ ድረስ ያለው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ዋናው ጉልበት ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ፓይሩቬቱን ወደ ዋናው ምድጃ የሚያሳልፈው ኢንዛይም ደግሞ ያለ ቢ ዋን አይሠራም። ቢ ዋን ከሌለ ስኳሩ ይመጣል፣ ይከመራል፣ ጉልበት ግን አይወጣውም። ይህ ነገር ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ነርቭንና አንጎልን ነው። የእግሩ ማቃጠል ከዚህ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። ሰውነት ቢ ዋን አያጠራቅምም፤ ያለችው ለሁለት ለሦስት ሳምንት ብትበቃ ነው። ብዙ የጠጣ፣ ወይም ለሳምንታት ምግብ ያልረጋለት ሰው ባዶውን ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለውን ሰው ደክሞታል ብለሽ ግሉኮስ ከሰቀልሽለት፣ የቀረችውን ጥቂት ቢ ዋን ግሉኮሱ ጠርጎ ይጨርሳታል። አስተማሪያችን “ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ፤ ከግሉኮሱ በፊት ቢ ዋን” ብለው ሦስት ጊዜ በኅብረት አስባሉን። አንድ ተማሪ “ስኳሩ ወርዶ ሊሞት ከሆነስ?” አላቸው። “ያኔ አትጠብቁ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ” አሉ።

ካልተሰጠው ሦስት ምልክት ይመጣል። ዓይኑ ወደ ጎን ይርገበገባል ወይም ሁለት ሁለት ያያል፤ ሲሄድ ይወላገዳል፤ ንግግሩ ይዘባረቃል። ያኔ ቶሎ በመርፌ ቢ ዋን ካገኘ ሊመለስ ይችላል። ካለፈ ግን ማስታወስ ይሄዳል። የጥንቱ ይቀራል፤ አዲስ ነገር አይያዝም።

ይህን ሲናገሩ ብዕሬን አስቀመጥኩ። አባቴን ቁጭ አድርገው የሚገልጹት ነው የመሰለኝ። ይኸው የበሽታውን ስም አወቅሁት፦ ዌርኒኬ ይባላል፤ ሲቆይ ደግሞ ኮርሳኮፍ። ምክንያቱም መጽሐፉ ላይ በጥቁር ቀለም ተጽፏል፣ መጠጥ። ስለዚህ ፈርደሽበታል አትበይኝ። መጽሐፉም ከኔ ጋር ነው።

ልጅሽ


ኅዳር 30 ቀን

ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? ብርዱ እንዴት ነው? ሁለት ካልሲ ልኬልሻለሁ፤ ግራጫው ወፍራሙ ነው፣ እሱን አዘውትሪ። ስፌተኛዋ ጎረቤታችን ሰላም ብላሻለች፤ ልጇ አግብታለች። የኩሽናው ቧንቧ ተሠራ። የጓሮውን በር አስቀባሁት።

ደብዳቤ ስላዘገየሁ ይቅርታ። እጄን ትንሽ አሞኝ ነበር። አሁን ደህና ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለአንድ በሽተኛ ነው። ሰውዬው ሦስት ሳምንት ያህል ምግብ አልረጋለትም። በሁለት ቀን ሦስት ከረጢት ግሉኮስ ተሰቀለለት። ቢ ዋን አልተሰጠውም። በስንተኛው ቀን ቢሰጠው ይድን ነበር? በሦስተኛው? በስድስተኛው? ከብዙ ጊዜ በኋላስ? ደግሞ ይሄን ንገሪኝ፦ የጎዳው ግሉኮሱ ነው ወይስ ያለ ግሉኮሱም ሊሆንበት ነበር?

ልቤን እንዳይሰብር ብለሽ አለሳልሰሽ አትጻፊ። እውነቱን ጻፊ።

እናትሽ


ታኅሣሥ 11 ቀን

እማዬ፣

ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ አትጠብቂ ብዬ ክሊኒኩ ስልክ ላይ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ አላገኘሁሽም። ሰውዬው አሁንም እናንተ ዘንድ ከሆነ ዛሬውኑ ቢ ዋን በደም ሥሩ ይሰጠውና ትልቁ ሆስፒታል ይሂድ። ዓይኑን እዩት። ጣትሽን ወደ ጎን ወስደሽ እንዲከተል አድርጊው።

ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ። ምልክቱ እንደታየ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሰጠው ብዙ ሰው ይሻለዋል፤ ዓይኑ በሰዓታት ውስጥ እንኳ ይስተካከላል። በስድስተኛው ቀን ጥቂቱ ይመለስ ይሆናል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሄደው ማስታወስ፣ እውነቱን ጻፊ ስላልሽኝ፣ በአብዛኛው አይመለስም። የመጨረሻው ጥያቄሽን መልስ ግን አላውቅም። አስተማሪያችንን እጠይቃለሁ።

ይሄን ጽፌ፣ አጥፌ፣ ፖስታውን አሽጌው ነበር። ወደ ምግብ አዳራሽ ስሄድ መንገድ ላይ ቆምኩ። ተመልሼ ከፈትኩት።

እማዬ፣ በሽተኛው ማን ነው?


ጥር 3 ቀን

ልጄ፣

አባትሽ ነው።

ይህን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሰባተኛው ይሄ ነው፤ እንዳለ ይመጣልሻል።

ከሁለተኛ ደረጃ በተመረቅሽ ቀን ሰክሮ ትምህርት ቤትሽ እንደመጣ፣ በሰው ፊት እንዳሳፈረሽ፣ አንቺም በዚያው ሻንጣሽን ይዘሽ አክስትሽ ዘንድ እንደሄድሽ እንኳን አንቺ እኔም አልረሳሁትም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አታውቂም። በማግስቱ ጠርሙሶቹን በራሱ እጅ አውጥቶ ጓሮ ደፋቸው። “ልጄ እስክታምነኝ አንዲት ጠብታ አልቀምስም” አለኝ። ስንት ጊዜ ምሎልኝ ያውቃል! አሁንም ይሄው ነው ብዬ ትቼው ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ያን ጊዜ ግን ጸና። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀው። እሱ ሲያልፍ ሆዱ ምግብ እምቢ አለ። ሾርባ ስሰጠው ይመልሰዋል፤ ውሃ ስሰጠው ይመልሰዋል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከአልጋ መነሳት አቃተው፤ ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ። እኔም የማውቀውን አደረግሁ። ከክሊኒኩ ግሉኮስ አምጥቼ የመጋረጃው ዘንግ ላይ ሰቀልኩለት። ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሁለት። ደም ሥሩን በአንድ ውጊያ አገኘሁት። “እጅሽስ ወርቅ ነው” አለኝ። ፊቱ ትንሽ መለስ አለ፤ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ። ልጄ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቢ ዋኑ ግሉኮሱን ካነሳሁበት መደርደሪያ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጦ ነበር።

ረቡዕ ቁርስ ላይ “ሁለት ሆነሽ ነው የምትታዪኝ” አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። “አንዷን መቼ ቻልካትና!” አልኩት። ሳቅንና ሥራዬ ሄድኩ።

ሐሙስ ይወላገድ ጀመር። ጠጥቷል አልኩ። ይኸው አልቻለም፣ ጀመረ አልኩ። ንዴት ዓይኔን ጋረደኝ። አፉን እንኳ ጠጋ ብዬ አላሸተትኩትም፤ የሰው ሁሉ ትንፋሽ ሳሸት የምውል ሴትዮ። ይተኛና ይብረድለት ብዬ በሩን ዘግቼ ሁለት ቀን ተውኩት። ቅዳሜ ሆስፒታል ሳደርሰው ስሙን እንጂ ቀኑን አያውቅም። ካርዱ ላይ “የመጠጥ ሱሰኛ” ብለው ጻፉ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ከወር በኋላ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሊጠይቀው መጣ። “ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጄን ሳይረግጥ ሲቀር ሌላ ቤት ለመደ ብዬ ተቀይሜው ነበር” አለኝ። ያን ጊዜ ነው እንዳልጠጣ ያወቅሁት። ግን ታዲያ ምን ነካው? የቆየው መጠጥ ነው የጎዳው አልኩና ለራሴም ለሰውም ይሄንኑ ስናገር ኖርኩ። ምን እንደነካው የነገረኝ የኅዳሩ ደብዳቤሽ ነው። ክሊኒክ ውስጥ፣ የመርፌ ጠረጴዛው ጋ ቆሜ ነበር የማነበው። ተቀመጪ ብለሽኝ ነበር፤ አልሰማሁሽም።

ለጤና መኮንኑ ሁሉንም ነገርኩት። ተነስቶ መድኃኒት ቁም ሣጥኑን ከፈተና አብረን መደርደሪያውን አስተካከልነው። ቢ ዋኑ አሁን ከግሉኮሱ ጎን ነው።

ስለዚህ መጽሐፍሽ ግማሹን ነው የጻፈው። አባትሽን ተይው። የምትወቅሺው ሰው ካስፈለገሽ እኔ አለሁልሽ።

እናትሽ


ጥር 12 ቀን

እማዬ፣

ቤተ ሙከራው ደጃፍ ደረጃ ላይ ሆኜ አነበብኩት። ከሰዓት በኋላ የቃል ፈተና ነበረብኝ። ገባሁ። አስተማሪያችን የሰጡኝ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ስለ ጉበት ነው፤ ግን አፌን ከፍቼ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። ሌሎቹን አስወጥተው በሩን ዘጉና “ምን ሆነሻል?” አሉኝ። ነገርኳቸው። የማን ታሪክ እንደሆነም አልደበቅሁም።

ከዚያ ያሉኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ። “ሦስት ሳምንት ያልበላ፣ ዓመታት የጠጣ ሰው ከግሉኮሱ በፊትም ጀምሮት ሊሆን ይችላል። ማንም ሐኪም ግሉኮሱ ነው ብሎ መማል አይችልም፤ አይደለም ብሎ መማልም አይችልም። እርግጡን የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የጠፉት ቀናት ናቸው የጎዱት። ምልክቱን ደግሞ በየሆስፒታሉ ሐኪሞችም ሰክሯል እያሉ ያሳልፉታል። ለእናትሽ ይህን ንገሪያት።” ነገርኩሽ። ለማጽናናት ብዬ ቃል አልጨመርኩም።

እንግዲህ የጠፉት ቀናት ከሆኑ፣ እማዬ፣ ሐሙስን ለምን ሳትጨርሺው አለፍሽው?

ሐሙስ ዕለት መጽሐፎቼን ልወስድ መጥቼ ነበር። በሩን ስከፍት አባዬ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ድምፄን ሰምቶ ተነስቶ ነው መሰለኝ። ግድግዳውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እግሮቹን አራርቆ ወደ እኔ ይመጣል። ዓይኖቹ ወደ ጎን ይርገበገባሉ። አይቻቸዋለሁ! ያኔ አይቻቸው ነው መጽሐፉ ላይ ሳነብ ያወቅኋቸው። አንድ ነገር ሊለኝ ሞከረ፣ ምላሱ ተሳሰረ። “አንተማ መቼም አትለወጥም” ብዬው መጽሐፎቼን እንኳ ሳልወስድ ወጣሁ። አንቺ ከሥራ ስትመለሺ ደጃፉ ላይ ተገናኘን። ነጩን ጋዎንሽን አላወለቅሽም ነበር። “ምነው?” አልሽኝ። “ጠጥቷል” አልኩሽ። ይሄው ነው። አንድ ቃል ናት።

አንቺ በራስሽ አላልሽም። እኔ ነኝ ያልኩሽ። ሰባት ጊዜ ስትጽፊው ሰባቱንም ጊዜ እኔን አውጥተሽኝ ነው የጻፍሽው?

የመጨረሻው ፈተና የካቲት መግቢያ ላይ ያልቃል። በማግስቱ እመጣለሁ። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ሰላም በይልኝ።

ልጃችሁ


ጥር 21 ቀን

ልጄ፣

ነይ። ክፍልሽን አጽድቼዋለሁ፤ አንሶላውን ፀሐይ ላይ አውጥቻለሁ።

ስለ ሐሙስ አንድ ጊዜ እመልስልሻለሁ፤ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ። አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር። ልጅ ተቆጥታ ጠጥቷል ትላለች። ነርስ ደግሞ ገብታ ታያለች። ጋዎኑን የለበስኩት እኔ ነበርኩ፣ አንቺ አይደለሽም። አባትሽ አቁሞ እንደነበረ ያልነገርኩሽም ለዚሁ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ልትሄጂ ነበር፤ ሻንጣሽን ዘግተሻል። “ለአንቺ ብሎ ነበር ያቆመው” ብዬ ልላክሽ? እሱን ተቆጥተሽ መሄድሽ ራስሽን ተቆጥተሽ ከምትሄጂ ይሻላል አልኩ። ተሳስቼ ይሆናል። እናት ስትሳሳት እንዲህ ነው።

ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ያልሽውን ግን አታድርጊው። ስሚኝ፤ ሞክሬዋለሁ።

የኅዳሩን ደብዳቤሽን ባነበብኩ በሦስተኛው ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጁን ያዝኩ። “እንዲህ ያደረግሁህ እኔ ነኝ” አልኩት። “ምን ሆኛለሁና?” አለኝ። ነገርኩት። ማስታወስህ ጠፍቷል፣ ሁለት ዓመት አልፏል፣ ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች አልኩት። እያየኝ አለቀሰ። “ታዲያ አልድንም?” አለኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ “ምነው ዓይንሽ ቀላ? ማን አስቀየመሽ?” ብሎ በመሐረቡ ጠረገልኝ። ለሱ አለፈለት፤ ለኔ አላለፈልኝም። በማግስቱ ደገምኩት። አራት ቀን ደጋገምኩት። አራቱንም ቀን እንደ አዲስ ሰምቶ፣ እንደ አዲስ አለቀሰ። አምስተኛው ቀን ላይ ገባኝ። እኔ ይቅለለኝ ብዬ እሱን በየቀኑ መርዶ እያረዳሁት ነው። ተውኩት።

ስለዚህ ይዘሽው የምትመጪውን ነገር ሆድሽ ውስጥ አቆዪው። እንደሚከብድሽ አውቃለሁ።

በየቀኑ የሚለው አንድ ነገር አለ። ጽፌልሽ አላውቅም። ከሱ አፍ ብትሰሚው ይሻላል።

እናትሽ


የካቲት 17 ቀን

እማዬ፣

በደህና ገባሁ። አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ተበላሸ እንጂ ሌላ ችግር አልነበረም። ባዮኬሚስትሪን አልፌያለሁ፤ ውጤቱ በሩ ላይ ተለጥፎ ነው ያገኘሁት። አብራኝ የምትኖረው ልጅ እየዘለለች አቅፋኝ ነበር፤ እኔ ግን ወረቀቱን እያየሁ የሌላ ሰው ውጤት ነው የመሰለኝ።

መናኸሪያ ስትሸኚኝ “እኔ ክሊኒክ ስውል ምን ስትባባሉ ነበር?” አልሽኝ። ሰው ፊት ማልቀስ ስላልፈለግሁ ነው ያልመለስኩልሽ። አሁን ልንገርሽ።

የመጀመሪያውን ቀን አይተሻል። “አባዬ፣ እኔ ነኝ” ስለው ፀጉሬን አየ፣ መነጽሬን አየ፣ ደንገጥ አለ። “ልጄማ ፀጉሯ እስከ ወገቧ ነው” አለኝ፤ በትሕትና፣ እንዳልቀየመው ፈርቶ። ከዚያ በኋላ አላስጨነቅሁትም። ሐሙስ አንቺ እንደወጣሽ ወንበሬን መስኮቱ ጋ አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብሩሹን አስቀመጠና አየኝ።

“ከክሊኒኩ ነሽ?” አለኝ።

“አዎ” አልኩት።

“እኔ እንኳ ደህና ነኝ። ሆዴን ብቻ ነው። ልጄ ናት ያሳሰበችኝ። አክስቷ ዘንድ ናት፣ ተቆጥታኝ። ታውቂያታለሽ?”

“አውቃታለሁ።”

“ሦስት ሳምንቴ ነው ካቆምኩ። ሙሉ ሦስት ሳምንት፣ አንዲት ጠብታ! እሷ ግን አታምነኝም።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አትፈረድባትም። ስንት ጊዜ ዋሽቻታለሁ። ግን አሁን እውነቴን ነው።”

እማዬ፣ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር እዚያው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቆሞ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሊለኝ የነበረው ይሄንን ነው። እስከዛሬ እዚያው ኮሪደር ላይ ነው ያለው።

ቃሌን ጠበቅሁልሽ። ስለ በሽታው አላነሳሁም፤ እግሩ ላይም አልወደቅሁም።

“አምናሃለች” አልኩት። “እኔ ተሳስቼ ነው፣ አባቴ አልጠጣም ነበር ብላ ነግራኛለች።”

“እንደሱ አለች? በራሷ አፍ?”

“በራሷ አፍ።”

ፊቱን እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ። “እሷ እኮ ቁጡ ናት እንጂ ልቧ ንጹሕ ነው” አለኝ። ከዚያ ስለኔ ያወራልኝ ጀመር። በአራት ዓመቴ የቀለም ቆርቆሮ ደፍቼ የሠራተኛ ማኅበሩን ታፔላ እንዳበላሸሁበት፣ ተቆጥቶኝ እንዳኮረፍኩት፣ ምሳ አልበላም ብዬ እሱንም ጦሙን እንዳዋልኩት። አብሬው ሳቅሁ። ሻይ አመጣሁለት። ጠጥቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠና አየኝ።

“ከክሊኒኩ ነሽ?” አለኝ።

ከመመለስሽ በፊት እስከ ዘጠኝ ጊዜ ቆጥሬ ነበር፤ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። በእያንዳንዱ ጊዜ ያዝናል፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ስነግረው ያው ደስታ ነው፣ አይቀንስም። እኔ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ የምናገረው ውሸት መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ማመን በነበረባት ጊዜ አላመነችውማ! ይቅር በለኝ ማለት ለኔ እንደሆነ፣ አምናሃለች ማለት ለሱ እንደሆነ የገባኝ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ላይ ነው። ይቅርታ ልቀበል መጥቼ ሳልቀበል ነው የሄድኩት። እንዲህ ሆኖ ይቀራል መሰለኝ።

እስከዛሬ “ልጄ አታምነኝም” ሲልሽ ምን ስትይው እንደኖርሽ አልጠየቅሁሽም። አልጠይቅሽምም። ከደብዳቤዎቼ በኋላ ምን ልትይው ትችይ ነበር? አሁን ግን ከኔ ተልከሻል። ሲጠይቅሽ “አምናሃለች፣ ራሷ ነግራኛለች” በይው። ቢደክምሽም፣ እጅሽ ሥራ ቢይዝም፣ በቀን ሃያ ጊዜ ቢሆንም። እስከ ክረምቱ እረፍት ብቻ ነው።

ከዚያ እኔው እለዋለሁ።

ልጃችሁ